ደብዳቤ ለልጄ፦ አክሲዮን የሚሸጠው ድርጅት ማን ነው?

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

አሰላሙ ዐለይኪ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ እናትሽም በጣም ሰላም ብላሻለች። አክስትሽ ከሐይቅ ደውላ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበራቸው ያጠራቀመውን ገንዘብ ለአንድ ድርጅት በአክሲዮን መልክ ሊያስረክብ እንደተቃረበ፣ ድርጅቱም ኮምቦልቻ አካባቢ የከብት መኖ ማቀነባበሪያ እተክላለሁ እንደሚል፣ አንቺም ሕግ ስለተማርሽና አዲስ አበባ ስለምትኖሪ ማንነቱን አጣርተሽ እንድትነግሪያቸው አደራ እንዳሉሽ ነግራኛለች። ረጅም ዘመን ያገለገልሁት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስለሆነ፣ ማጣራቱን ከየት ጀምረሽ እስከ የት ማድረስ እንዳለብሽ በስልክ ከምነግርሽ ይልቅ ጽፌ ልልክልሽ መረጥሁ። ገንዘቡ እነዚያ ሴቶች እንቁላልና ቅቤ ሸጠው፣ ከልጆቻቸው ጉርስ ቀንሰው ያስቀመጡት አማና ነውና እንደ ተራ ጉዳይ እንዳታዪው እፈልጋለሁ።

ከሁሉ አስቀድመሽ የምትጠይቂው ድርጅቱ ምን ዓይነት ማኅበር እንደሆነ ነው። አክስትሽ የበራሪ ወረቀታቸውን ፎቶ ልካልኝ አይቼዋለሁ። ከድርጅቱ ስም ቀጥሎ በትንሽ ፊደል «ኃላ. የተ. የግ. ማ.» የሚል አለበት፤ ከሥሩ ደግሞ በትልቁ «የአክሲዮን ሽያጭ» ይላል። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ መገኘታቸው ብቻውን ሊያስቆመን ይገባል። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከ50 የበለጡ አባላት እንዲኖሩት አይፈቅድም፤ እንዲህ ያለው ማኅበር ሕዝቡን ጠርቶ አክሲዮን የሚሸጥበት መንገድም የለውም። አክሲዮን ማኅበር ነን፣ ወረቀቱ ላይ ስሕተት ገብቶ ነው ቢሉ እንኳ፣ በዚያው ዓመት የወጣው የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248፣ በሕግ ነጻ የተደረገ ሁኔታ ካልሆነ በስተቀር፣ ለሕዝብ የሚቀርብ አክሲዮን በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን እንዲመዘገብና የደንበኛ ሳቢ መግለጫ የሚባለው ዝርዝር ሰነድ እንዲቀርብለት ያዛል። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 እያንዳንዱን በ300 ብር ሒሳብ 100 ሚሊዮን አክሲዮን ለሕዝብ ሲያቀርብ እንዲህ ያለ መግለጫ ነበረው። ግዙፉ የመንግሥት ድርጅት ያደረገውን፣ ትናንት የተቋቋመ ድርጅት በአንድ ገጽ በራሪ ወረቀት ሊያልፈው አይገባም። ስለዚህ ወደ ባለሥልጣኑ ሄደሽ የድርጅቱ አክሲዮን ተመዝግቦ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቂ።

ቀጥሎ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ያዢ። ባለ 10 አኃዝ ነው፤ ከማናቸውም ደረሰኛቸው አናት ላይ ታገኚዋለሽ። ድርጅት ስሙን ሊለውጥ፣ ቢሮውን ሊያዛውር ይችላል፤ ቁጥሩ ግን አብሮት ይዞራል። በዚህ ቁጥር በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢትሬድ ገጽ ላይ የንግድ ምዝገባውንና የሥራ ፈቃዱን መመልከት ይቻላል። እዚያ ላይ ምዝገባና ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አትርሺ፤ ተመዝግቦ የሥራ ፈቃድ ያላወጣ፣ ፈቃድ አውጥቶም ያላሳደሰ፣ ወይም ፈቃዱ ለአስመጪነት ሆኖ ሳለ ፋብሪካ እከፍታለሁ የሚል ድርጅት ጥቂት አይደለም። ምዝገባው የተደረገው በክልል ከሆነ ደግሞ ዝርዝሩ በክልሉ ንግድ ቢሮ በኩል ይገኛል።

ዋናው ሰነድ ግን የመመሥረቻ ጽሑፉ ነው፤ እሱን ቀስ ብለሽ፣ እርሳስ ይዘሽ አንብቢው። የአባላቱ ሙሉ ስም ከነዜግነታቸውና ከነአድራሻቸው፣ እያንዳንዱ የያዘው ድርሻ፣ የማኅበሩ ካፒታል፣ ሥራ አስኪያጁና ሥልጣኑ በዚያ ተጽፏል። ካፒታሉ ላይ ቆም በዪ። ሕጉ ለግል ማኅበር የሚጠይቀው ዝቅተኛ ካፒታል 15,000 ብር ነው፤ አባላቱም ለማኅበሩ ዕዳ የሚጠየቁት ባዋጡት ልክ ነው። እንግዲህ በሚሊዮን የሚቆጠር የሰው ገንዘብ የሚሰበስብ ድርጅት የራሱ ባለቤቶች ያዋጡት ይህን ያህል ብቻ ሆኖ ብታገኚው፣ ነገሩ ቢበላሽ ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚያርፍ ለአክስትሽ ማስረዳት አያቅትሽም። መዋጮው በጥሬ ገንዘብ ነው ወይስ በዓይነት የሚለውንም እዪ፤ በዓይነት ከሆነ አንድ አሮጌ መኪና ወይም ወፍጮ በስንት ብር እንደተገመተና ማን እንደገመተው ተመልከቺ። ከዚያ በኋላ የመጡትን ማሻሻያዎችና ቃለ ጉባኤዎች በቀን ቅደም ተከተል ደርድሪያቸው። ባለቤትነት የሚሸሸገው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ መሥራቹ ድርሻውን ለዘመዱ አስተላልፎ ከወረቀቱ ይወጣና፣ ከጥቂት ወራት በኋላ በውክልና ሥልጣን ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ይመለሳል። ድርሻው የተላለፈበት ቀን አንድ ትልቅ ክስ ከተመሠረተበት ቀን ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ልብ ልትዪው ይገባል።

ይህን የምልሽ ያየሁት ስለሆነ ነው። በእኔ ዘመን አንድ የሕንፃ ተቋራጭ የቀን ሠራተኞቹን ደመወዝ ሳይከፍል ቀርቶ ተከሰሰ፤ ተፈረደበትም። ሠራተኞቹ ከደላንታና ከኩታበር የመጡ፣ ለቀጠሮ ሲመጡ በችሎቱ በረንዳ ላይ ስንቃቸውን ፈትተው የሚውሉ ሰዎች ነበሩ። የአፈጻጸም መዝገብ ሲከፈት የድርጅቱ የባንክ ሒሳብ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ማሽኖቹም በስሙ አልነበሩም። ጊዜ ሲያልፍ ሌላ ስም ያለው ድርጅት በሌላ ጉዳይ ከሳሽ ሆኖ ቀረበ፤ ከክሱ ጋር ያያዘውም የሎደር ኪራይ ውል ነበር። የሠራተኞቹ ጠበቃ ሁለቱንም መዝገቦች አስወጥቶ ጎን ለጎን ሲያያቸው የሎደሩ የሻንሲ ቁጥር አንድ ሆኖ አገኘው፤ የአዲሱ ድርጅት ሥራ አስኪያጅም የፊተኛው ባለቤት የሚስት ወንድም ነበር። ሠራተኞቹ ከገንዘባቸው ከፊሉን ያገኙት በዚያ ቁጥር ምክንያት ነው። ስለዚህ የፍርድ ቤት መዝገብ ስትጠይቂ የክሱንና የመልሱን ወረቀት ብቻ አትመልከቺ፤ አባሪዎቹን አገላብጪ። ሰው ክሱን የሚጽፈው ተጠንቅቆ ነው፤ አባሪውን ግን ጉዳዩን እስከረዳው ድረስ እንዳለ ያያይዘዋል። የድርጅቱን ስም ብቻ ሳይሆን የሥራ አስኪያጁንና የዋና ዋና አባላቱንም ስም አስፈልጊ፤ የሥራ ክርክሮችንና የአፈጻጸም መዝገቦችን በተለይ አትለፊ፤ ለሠራተኛውና ለአበዳሪው ያልታመነ ሰው ለባለአክሲዮን ይታመናል ብዬ አላምንም።

የጋዜጣ የሐራጅ ማስታወቂያም ብዙ ሰው የማይመለከተው ትልቅ ምንጭ ነው። በ1990 በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት ባንኮች ዕዳው ያልተከፈለውን የመያዣ ንብረት ራሳቸው በሐራጅ ሲሸጡ በጋዜጣ ያስታውቃሉ፤ አዲስ ዘመንን በየጊዜው የሚያነብ ሰው ሰንጠረዡን ያውቀዋል። በአንዱ ዓምድ የተበዳሪው ስም፣ በሌላው ደግሞ የአስያዡ ስም ይሰፍራል፤ ቀጥሎ ቤቱ ያለበት ከተማና ቀበሌ፣ የካርታ ቁጥሩ፣ የቦታው ስፋትና የሐራጁ መነሻ ዋጋ ይከተላል። ተበዳሪው ድርጅት፣ አስያዡ ግን ሌላ ግለሰብ ሆኖ ስታገኚ ያን ስም ጻፊው፤ ማንም ሰው ቤቱን ለማያውቀው ድርጅት አያስይዝምና፣ በመመሥረቻ ጽሑፉ ውስጥ ያልተጻፈ ዝምድና ወይም ሽርክና እዚያ ሊገለጥ ይችላል። የቆዩትን ቅጾች በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ታገኚያቸዋለሽ። በመንግሥት ጨረታ አጥፍተው የታገዱ አቅራቢዎችን ዝርዝርም ከመንግሥት ግዥና ንብረት ባለሥልጣን ጠይቂ።

በራሪ ወረቀቱ ለንደን ስላለ እህት ኩባንያም ይናገራል። ይህን ከቤትሽ ሳትወጪ ማየት ትችያለሽ፤ የእንግሊዝ የኩባንያዎች መዝገብ፣ ካምፓኒስ ሃውስ፣ ሰነዶቹን ለማንም በነጻ ያሳያል፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮም ከ25 በመቶ በላይ ድርሻ ወይም ድምፅ የያዘውን ሰው እንዲያስመዘግቡ ኩባንያዎቹን ያስገድዳል። ሆኖም እስከ 2024 ድረስ መዝገቡ የሚቀርብለትን መረጃ እውነትነት የማጣራት ይህ ነው የሚባል ሥልጣን ስላልነበረው፣ ለንደን ተመዝግቧል ማለት ታማኝ ነው ማለት አይደለም። የሒሳብ መግለጫው ምንም እንቅስቃሴ የሌለበት ከሆነ፣ አድራሻውም በብዙ ኩባንያዎች የተሞላ አንድ ቢሮ ከሆነ፣ ስሙ ለጌጥ የተለጠፈ ሊሆን ይችላል።

አድራሻን በአካል ሄዶ ማየት ደግሞ ከወረቀት ሁሉ ይበልጣል። ዋየርካርድ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ በዓለም የታወቀ የክፍያ ድርጅት በነበረበት፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2019፣ የፋይናንሻል ታይምስ ጋዜጠኞች የንግድ አጋሬ ነው ያለውን አንዱን ድርጅት አድራሻ ይዘው ፊሊፒንስ ሲሄዱ ያገኙት የአንድ ጡረተኛ መርከበኛ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት ነበር። በተከታዩ ዓመት በሰኔ ወር ኩባንያው በባንክ አለኝ ሲለው የኖረው 1.9 ቢሊዮን ዩሮ ከነጭራሹ የሌለ ሳይሆን እንደማይቀር ራሱ ተናግሮ የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። የውጭ ኦዲተር ለዓመታት የፈረመለት ሒሳብ ነበር። ስለዚህ የኮምቦልቻውን ጉዳይ ለእኔ ተይልኝ፤ ቦታው በሊዝ ተሰጥቷቸው እንደሆነ የከተማውን የመሬትና የኢንቨስትመንት ጽሕፈት ቤቶች እጠይቃለሁ፤ ቦታ አለ ካሉኝም ሄጄ አጥሩንና መሠረቱን አያለሁ፤ ጎረቤቶቹንም አነጋግራለሁ።

አሁን አጥብቄ የምነግርሽን ስሚኝ። የሰው ስም ማጉደፍ ከባድ ነገር ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ በስም ብቻ መፍረድ እጅግ አደገኛ ነው። ወሎ ውስጥ ሙሐመድ፣ ሰይድ፣ አሊ፣ ሁሴን የሚሉት ስሞች እስከ አያት ድረስ ተመሳስለው የሚገኙባቸው፣ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ብዙ ሰዎች አሉ። በዚያ ላይ አንዱ ጸሐፊ «መሐመድ»፣ ሌላው «ሙሃመድ» ብሎ ስለሚጽፍ፣ ያንኑ ሰው ልታጪው፣ ሌላውን ሰው ደግሞ እሱ ነው ብለሽ ልትይዢው ትችያለሽ። አድራሻው፣ የግብር ቁጥሩ፣ ፊርማው ወይም ሌላ ቢያንስ ሁለት ምልክት ሳይገጥምልሽ አንድ ሰው ነው ብለሽ አትጻፊ። እንዲሁም ተከሰሰ ማለት ተፈረደበት ማለት አይደለም፤ የተፈረደበትም በይግባኝ ወይም በሰበር ተሽሮለት ሊሆን ይችላልና የመጨረሻውን ውሳኔ ሳታዪ አታቁሚ። ድርጅቱን የሚጠቅም ነገር ብታገኚም እኩል ጻፊው፤ ዕዳውን በወቅቱ ከፍሎ ከሆነ፣ ክሱን ረትቶ ከሆነ፣ ሴቶቹ ያንንም የማወቅ መብት አላቸው።

መሥሪያ ቤቶቹ ሊያመላልሱሽ ይችላሉ። አንዱ ጸሐፊ ባለቤቱ ካልመጣ አንሰጥም ቢልሽ አትከራከሪው፤ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የመረጃ ጥያቄሽን በጽሑፍ ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ አስገቢና ገቢ የሆነበትን ማኅተም ግልባጭሽ ላይ አስመቺ። አዋጁ በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥሽ ያዛል፤ ከከለከሉሽም የከለከሉበትን ምክንያት በጽሑፍ ሊነግሩሽ ይገባል፤ አቤቱታሽን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ካልፈታው ጉዳዩን እስከ እንባ ጠባቂ ተቋም ድረስ መውሰድ ትችያለሽ። ያገኘሽውን ሁሉ ከየትኛው መሥሪያ ቤት፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ቁጥር እንዳገኘሽው በአንድ ደብተር መዝግቢ፤ ሰው የነገረሽንና በሰነድ ያየሽውን በአንድ ገጽ አትቀላቅያቸው።

ይህን ስትጨርሺ ለድርጅቱ ራሱ ደብዳቤ ጻፊለት። የአክሲዮን ሽያጩን ማን እንደፈቀደለት፣ የሚሰበሰበው ገንዘብ በየትኛው ባንክ በማን ስም እንደሚቀመጥ፣ ሽያጩ ባይሳካ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚመልስ፣ ከዚህ ቀደም አባላቱ የነበሩባቸው ድርጅቶች ዛሬ የት እንዳሉ በአክብሮት ጠይቂው፤ መልሱንም ከሰነዶቹ ጋር አስተያዪ። እኔ በበኩሌ የማኅበሩ ሊቀመንበር ዘንድ ደውዬ፣ የአንቺ ጽሑፍ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት እስኪነበብ ድረስ ከሒሳባቸው ምንም ገንዘብ እንዳይወጣ ተስማምተናል። የግብር ቁጥሩን እንዳገኘሽ ላኪልኝ፤ ኮምቦልቻ ስሄድ ይዤው መሄድ እፈልጋለሁ።

አላህ ይጠብቅሽ።

አባትሽ፣ ከደሴ