እንደ መርፌ ወግቶ የሚያልፍ አረር

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ድኩላ ተመትቶ ገደል ገብቶ ሲጠፋ በእኛ በሰሜን ሸዋ የሚሰጠው ምክንያት ወይ «ዛሬ አልቀናውም» ነው፣ ወይ «ጠመንጃው ያስታል»። ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱም አይደለም። ድኩላው በትክክል ተመትቷል፤ አረሩ ሳይከፈት እንደ መርፌ ወግቶት አልፏል። እዚህ አገር ስለ ጠመንጃ የማይባል ነገር የለም፤ ምንሽር ይወደሳል፣ ቤልጅግ ይፎከርበታል። ከአፈሙዙ ስለሚወጣው አረር ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ለአደን የሚሠራ አረር ልቡ እርሳስ፣ ልባሱ መዳብ ነው። ጫፉ ላይ እርሳሱ ራቁቱን ይወጣል፣ አለዚያም ጫፉ ጎድጓዳ ይሆናል። እርጥብ ሥጋ ውስጥ ሲገባ ግፊቱ ጫፉን ወደ ኋላ ይገለብጠውና አረሩ እንደ ጅብ ጥላ ይዘረጋል። 7.62 ሚሊ ሜትር የነበረው ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ይህን የሚሠራው ፍጥነት ነው። እርሳሱ የሚታይ ተራ የአደን አረር ከ550 ሜትር በሰከንድ ባነሰ ፍጥነት ከመታ መከፈቱ ያጠራጥራል። ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራው ጠንካራ ስለሆነ ከዚህም በላይ የሚፈልግ አለ። ማሸጊያው ላይ ፍጥነቱ በጫማ (feet) ከተጻፈ ለ3.28 ሲካፈል ሜትር ይሆናል።

ርቀት ላይ የሚመጣው ስሕተት ከዚሁ ይነሣል። 30-06 የሚባለው የአደን ጠመንጃ ጥይት 11.7 ግራም አረሩን (ማሸጊያው ላይ 180 ግሬን ይላል) ወደ 820 ሜትር በሰከንድ ያስወጣዋል፤ 300 ሜትር ላይም ገና ከ600 በላይ ነው፣ ይከፈታል። የክላሽ ግን ከአፈሙዝ ሲወጣ ወደ 715 ነው፤ 200 ሜትር ሳይርቅ ወደ 550 ይወርዳል። ስለዚህ ለክላሽ ልክ የተሠራ እውነተኛ የአደን ጥይት እንኳ ከ150 ሜትር ወዲያ አያስተማምንም።

እንግዲህ ስለ አደን ጥይት ነው ይህ ሁሉ። የወታደር ጥይት በየትኛውም ርቀት አይከፈትም፤ እንዳይከፈት ታስቦ ነው የተሠራው። እ.ኤ.አ. በ1899 የሄግ ጉባኤ ሰውነት ውስጥ የሚሰፋ ወይም የሚዘረጋ ጥይት በጦርነት እንዳይሠራበት ከልክሏል፤ ከዚያ ወዲህ የወታደር አረር ጫፉ ድረስ የተለበጠ ነው። የክላሹ 7.9 ግራም አረር ደግሞ ልቡም ብረት፣ ልባሱም መዳብ የተቀባ ብረት ነው። ሥጋ ውስጥ ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ብሎ ከሄደ በኋላ ነው መገልበጥ የሚጀምረው። የድኩላ ደረት ከጎን ወደ ጎን ያን ያህል ስፋት የለውም፤ የሚዳቋማ ግማሹም አይሞላ።

ይህን የተረዱ አንዳንዶች መላ አገኘን ብለው የወታደሩን አረር ጫፍ በሞረድ ያሹታል። እርሳሱ ብቅ ሲል በእነሱ ቤት የአደን ጥይት ሆነ። ይህ ተኳሹን ራሱን የሚያጠፋ ሥራ ነው። የአብዛኛው የወታደር አረር ልባስ ከኋላው፣ በባሩዱ በኩል ክፍት ነው። ጫፉም ሲሞረድ ልባሱ በሁለት በኩል ክፍት የሆነ ቱቦ ይሆናል። ባሩዱ ሲቀጣጠል ልቡን ብቻ ገፍቶ ያወጣና ልባሱን አፈሙዙ ውስጥ ተሰክቶ ሊተወው ይችላል። ተኳሹ ይህን አያይም። ሁለተኛውን ሲተኩስ አረሩ ከተሰካው ልባስ ጋር ይጋጭና አፈሙዙ ፊቱ ላይ ይፈነዳል። እንዲህ ያለ ጥይት እጁ ላይ ያለ ሰው አይተኩሰው፣ ለሌላም አይስጠው።

በትክክለኛው የአደን ጥይትም ቢሆን አረሩ ሳይከፈት የሚቀርበት ጊዜ አለ። ለጎሽ የተሠራ፣ ልባሱ የወፈረ ከባድ አረር 15 ኪሎ የማትሞላ ሚዳቋ ላይ ሲተኮስ የሚገፋው ሥጋ አያገኝም፤ ሊከፈት ሲል በወዲያኛው ጎን ወጥቷል። ጎድጓዳ ጫፍ ያለው ደግሞ ቀዳዳው በጠጉር፣ በጭቃ ወይም በአጥንት ስባሪ ሲደፈን እንደ ድፍን አረር ይሆናል። በቀወት ቆላ ቁጥቋጦ ወይም የማሽላ አገዳ መካከል የሚተኩስ ሰው ሌላ ችግር አለበት። ቀጭን ጭራሮ እንኳ አረሩን ያንገዳግደዋል፤ በጎኑ ዞሮ ከመታ የሚከፈተው ጫፉ ፊት ለፊት የለም።

የደጋና የቆላ ነገርም አለ። 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው ደብረ ብርሃን አየሩ ስስ ስለሆነ አረሩ ፍጥነቱን ይዞ ይቆያል፤ ከሸዋ ሮቢት በታች ባለው ቆላ ግን አየሩ ይከብዳል። በ100 ሜትር ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም፣ በ300 ግን ይገባል። ዓመታት ጭስና እርጥበት ውስጥ የኖረ ጥይት ከሆነ ደግሞ ከፍታውን መቁጠር ትርፉ ድካም ነው፤ ባሩዱ ተበላሽቶ አንዱ ከሌላው ፍጥነቱ አይገጥምም።

«አልተከፈተም» ብሎ ለመፍረድም አይቸኮል። ሳንባውን የተመታ ድኩላ አረሩ በሚገባ ተከፍቶ እንኳ 50 ወይም 100 ሜትር ሊሮጥ ይችላል። መውጫው ጠባብ ስለሆነም ብቻ አይፈረድም፤ ቆዳ ይለጠጣል፣ መልሶ ይገጥማል። መታየት ያለበት ሳንባው ነው። ወደ አረፋ የተጠጋ ደማቅ ደም የሳንባ፣ የጠቆረ ደም የጉበት፣ ፈርስ የተቀላቀለበት የሆድ ዕቃ ምት ነው። ሆዱን የተመታውን ወዲያው ከማሳደድ ጥቂት ሰዓት መታገሥ ይሻላል፤ ካልተባረረ ቅርብ ይተኛል። ከሥጋው ውስጥ ተለቅሞ የሚታየው አረር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተከፈተው ነው፤ ያልተከፈተው ብዙ ጊዜ ወዲያ አልፎ ስለሚሄድ ማንም አያየውም።

ጥይቱን አስቀድሞ መሞከር ይቻላል። በተፈቀደ የተኩስ ቦታ፣ ከኋላ ወፍራም የአፈር ግድብ ባለበት፣ ስድስት ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ውኃ ሞልቶ በአንድ መስመር አጠጋግቶ መደርደር ነው። ተኩሱ አደን ላይ ከሚታሰበው ርቀት ይሁን፤ ከ20 ሜትር የተሞከረ ስለ 200 ሜትር ምንም አይናገርም። ውኃ ከሥጋ ይልቅ አረርን ለመክፈት ይረዳል፤ ስለዚህ ውኃ ውስጥ ያልተከፈተ አረር ሥጋ ውስጥ ይከፈታል ተብሎ አይጠበቅም። የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ መሞከር ግን ያሳስታል፤ እንጨቱ ጎድጓዳውን ጫፍ ይደፍነዋል።

አደን በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ የተከለከለ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ጠመንጃውን ሲያይ ጥይቱንም ቢያይ፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የአረር ዓይነትና ክብደት ከተፈቀደው እንስሳ ጋር ቢያስተያይ፣ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ከባለ ፈቃዱ ጋር የሚወጣው ጠባቂም ካዝናው ውስጥ የገባው ማሸጊያው ላይ ያለው መሆኑን ከመኪና ሲወረድ ይይ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን