የስኪ ልክ በቁመት ብቻ አይታወቅም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ የስፖርት ገጽ ላይ፣ ለትምህርት ወደ ቀዝቃዛ አገሮች ለሚሄዱ ወጣቶች በወጣው ምክር፣ አገር አቋራጭ ስኪ (በበረዶ ላይ ለመንሸራተት ከጫማ ሥር የሚታሰር ረጅምና ቀጭን ጣውላ መሰል መሣሪያ) የሚገዛ ሰው እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ የስኪው ጫፍ የእጁ አንጓ ላይ ከደረሰ ልኩን እንዳገኘ ተጽፏል። ይህ የቆየ መለኪያ ርዝመትን ለመገመት ቢረዳም፣ በክላሲክ ስኪ፣ ማለትም ሁለቱን ስኪዎች ትይዩ አድርገው ቀጥ ብለው በሚሄዱበት ዓይነት፣ ዋናው ጉዳይ የሰውየው ክብደት ስለሆነ እርማት ያስፈልገዋል።

የክላሲክ ስኪ መሐሉ ወደ ላይ ጎበጥ ያለ ነው። ሰውየው ክብደቱን ለሁለት እግሮቹ አካፍሎ ሲንሸራተት መሐሉ በረዶውን አይጫንም፤ ሙሉ ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ ጥሎ ሲረግጥ ግን ጉብጠቱ ይተኛና ከእግሩ ሥር የተቀባው ሰም በረዶውን ይይዝለታል። ጉብጠቱ የጠነከረበት ሰው ዳገት ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ የላላበት ደግሞ ሜዳውንም ሰሙ እየጎተተው ይሄዳል።

እኔ ኖርዌይ በገባሁበት የመጀመሪያው የበረዶ ወራት፣ ሻጩ ቁመቴን ብቻ አይቶ መረጠልኝ። የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ቁመቴ 182 ሴንቲሜትር፣ ክብደቴ ያኔ 58 ኪሎ ነበር። ስኪው ከእኔ እጅግ ለሚከብድ ሰው የተሠራ ኖሮ፣ ዳገቱን ሁሉ በክንዴ ጉልበት ስጎተት ከረምሁ፤ ጥፋቱንም የራሴ ስንፍና አድርጌ ቆጠርሁት።

መፈተኛው አንድ ወረቀት፣ ደልዳላ ወለልና አንድ ረዳት ብቻ ነው። በሁለቱም ስኪዎች ላይ እኩል ሲቆሙ፣ በእግር ትክክል ከስኪው ሥር የገባው ወረቀት ከጫማው ጫፍ ወደ ፊት ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ያህል፣ ወደ ኋላም እስከ ተረከዝ ወይም ጥቂት አልፎ በነፃነት መንሸራተት አለበት። ረዳቱ ወረቀቱ የቆመባቸውን ሁለት ጫፎች በስኪው ጎን ላይ በእርሳስ ያመልክት፤ የሚይዘው ሰም የሚቀባው በእነዚህ መካከል ነው። ቀጥሎ በአንድ እግር ብቻ ሲቆሙ ወረቀቱ ተነክሶ መቅረት አለበት፤ ሲስቡት ከመጣ ስኪው ለዚያ ሰው ጠንካራ ነው። ለቀለጠና ዳግም ለረጋ በረዶ የሚሆነው ክሊስተር የሚባለው ሙጫ መሰል ሰም ወፍራም ስለሆነ፣ ቦታው ከምልክቱ አጠር ይደረጋል።

ይህን ያህል ያስጨነቀኝ የወንድሜ ልጅ ነው። ደብረ ብርሃን ውርጭ እንጂ ስኪ የሚያስነዳ በረዶ ስለሌላት፣ ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. በቶሪኖ የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ መወዳደሩን የሰማው ይህ ልጅ፣ ማለዳ ማለዳ አስፋልት ላይ በባለጎማ ስኪ ይለማመዳል። የክላሲክ ባለጎማ ስኪ ግን ወደ ኋላ የማይዞር ጎማ ስላለው ከባዱንም ቀላሉንም ሰው እኩል ይይዛል፤ በዚያ የለመደ ሰው በረዶ ላይ የማይሆነው ስኪ ሲገጥመው፣ እንደ እኔ ራሱን ይወቅሳል እንጂ ስኪውን አይጠረጥርም። ልጁ ጽሑፋችሁን ቆርጦ በቦርሳው ይዟል፤ ጉዞው በመስከረም ስለሆነ እርማቱ ከዚያ በፊት እንዲወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ