ለሰማንያ ዓመት እናት የሆርሞን ክኒን አይላክ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከውጭ አገር ለእናቶች ከሚላከው ቫይታሚን ጋር የኤስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ክኒንና «ዲኤችኢኤ» የሚል፣ ሰውነት ወደ ሌላ ሆርሞን የሚለውጠው መነሻ ሆርሞን የያዘ ብልቃጥ አብሮ ይመጣል። «ያለቀውን ሆርሞን ብንተካላት ዕድሜዋ ይረዝማል» ከሚል ፍቅር የመነጨ ነው። እኛ ሐዋሳ ውስጥ በመድኃኒት ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ግን ይህ ልማድ እንዲቆም አጥብቀን እንለምናለን።

ያረጠች ሴት ሆርሞን ጨርሶ አያልቅባትም። ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢ መነሻውን ያመነጫል፤ የሰውነት ስብ ደግሞ ኢስትሮን ወደሚባል ደካማ የኤስትሮጅን ዓይነት ይለውጠዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የላቦራቶሪው ወረቀት ላይ ነው። ኢስትራዲዮል የሚባለው ዋናው ኤስትሮጅን 12 ፒኮ ግራም በሚሊ ሊትር ተብሎ ይመጣል፤ ከጎኑ ያለው የማነጻጸሪያ ልክ የወር አበባ ለሚያዩ ሴቶች የተጻፈ ከሆነ «ዝቅተኛ» የሚል ምልክት ይደረግበታል። ላረጠች ሴት 12 የሚጠበቅ ቁጥር ነው። በዚህ መጠን ላይ ተራው መሣሪያ ራሱ ይሳሳታል፤ ለፀጉርና ለጥፍር የሚወሰደው ባዮቲን በብዛት ከተወሰደም ውጤቱን ያዛባል።

በአሜሪካ 16,608 ሴቶች፣ ከ50 እስከ 79 ዓመት ያሉ፣ ኤስትሮጅንና ፕሮጀስቲን (የማህፀንን ሽፋን ከመወፈር የሚጠብቅ ሌላ ሆርሞን) ወይም መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን እየወሰዱ ሲጠኑ ጥናቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። በዓመት ከ10,000 ሴቶች መካከል 8 ተጨማሪ ስትሮክ፣ 8 የሳንባ ደም መርጋት፣ 8 የጡት ካንሰር ታየ፤ የዳሌ ስብራት በ5 ቀነሰ። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ በሆነው ላይ የመርሳት በሽታ እጥፍ ሆነ። የዚሁ ጥናት የ18 ዓመት ክትትል ሆርሞን በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል የሞት ልዩነት አላሳየም። በአረጋውያን ላይ ለሁለት ዓመት የተሞከረው ዲኤችኢኤም ጉልበት አልጨመረም። ማህፀን ላላት ሴት ኤስትሮጅን ብቻውን ከተሰጠ ደግሞ የማህፀኗ ውስጠኛ ሽፋን እየወፈረ ለካንሰር ይዳርጋታል።

ሆርሞንን በጅምላ አንኮንንም። ከ60 ዓመት በታች ላለች፣ ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት፣ ሙቀትና ላብ እንቅልፍ ለሚነሳት ሴት ሐኪም ሊያዝላት ይችላል። በብልት መድረቅና ተደጋግሞ በሚመጣ የሽንት ኢንፌክሽን የምትሰቃይ አዛውንትም በብልት የሚገባ የ10 ማይክሮ ግራም የኢስትራዲዮል እንክብል ይረዳታል፤ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት ጊዜ። ወደ ደም የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው። የጡት ካንሰር የነበረባት ግን መጀመሪያ የካንሰር ሐኪሟን ትጠይቅ።

ለክኒኑ የሚወጣው ገንዘብ ለምግቧ ቢውል ይሻላል። ቆጮና ገንፎ ያጠግባሉ፤ ፕሮቲናቸው ግን ትንሽ ነው። 50 ኪሎ የምትመዝን እናት በቀን ከ50 እስከ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋታል፤ ኩላሊቷ የታመመ ከሆነ መጠኑን ሐኪም ይወስን። ከሐዋሳው የዓሣ ገበያ ከአሞራ ገደል የተገዛ ዓሣ 100 ግራም ያህሉ በስሎ ከ20 ግራም በላይ ይሰጣል፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ገደማ። ጥርስ ከሌላት ዓሣው እሾሁ በደንብ ተለቅሞ ይፈርፈርላት።

ክኒኑን የጀመረች ካለች ብልቃጡን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አንድ እግሯ ብቻ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ድንገት ካጠራት በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። ካረጠች በኋላ አንድ ጠብታ ደም እንኳ ብታይ በዚያው ሳምንት የማህፀን ሐኪም ይያት፤ በአልትራሳውንድ የማህፀኗ ውስጠኛ ሽፋን ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ናሙና ይወሰድላታል።

ከአክብሮት ጋር፣
የመድኃኒት ባለሙያዎች፣ ከሐዋሳ