ሻጩ ከቤቱ የሚወጣበት ቀን ውሉ ላይ ይጻፍ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

አዲስ አበባ ውስጥ የሚፈረሙ የቤት ሽያጭ ውሎች ገንዘቡን በአኃዝም በፊደልም ይጽፋሉ፤ የካርታ ቁጥሩንና የቦታውን ስፋትም አይስቱም። ሻጩ ቤቱን ለቅቆ የሚወጣበትን ቀን ግን ብዙዎቹ አያነሱትም፤ ካነሱትም «ሻጭ ቤቱን ለማስረከብ ተስማምቷል» ብለው ያልፉታል። ጠቡ የሚነሳው ከዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።

ገዢው «ብሩን ከፍያለሁ፣ ነገ ይውጣልኝ» ይላል። ሻጩ ደግሞ ስም እስኪዛወር ድረስ ቤቱ የእኔ ነው ባይ ነው። ሕጉ ከሁለቱም ጋር አይደለም። የርክክቡ ጊዜ በውል ካልተወሰነና ከተዋዋዮቹ ሐሳብም መረዳት ካልተቻለ፣ ሻጩ ገዢው በጠየቀው ጊዜ ማስረከብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2276 ይናገራል። አንቀጹ ስለ ሽያጭ በጠቅላላው የተጻፈ ቢሆንም በቁጥር 2875 በኩል ለቤትም ይሠራል። ነገር ግን ቁጥር 1772 ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል። በመሆኑም ቀን የሌለው ውል የያዘ ገዢ የመውጫውን ቀን ጠቅሶ በጽሑፍ ያስጠንቅቅ፤ ሻጩ የተቀበለበትን ፊርማም ይያዝ። ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ለሚወጣበት ጉዳይ ሦስት ቀን መስጠት ዳኛ ፊት አያስከብርም፤ አሥራ አምስት ቀን ወይም አንድ ወር ይሻላል።

ይህ ሁሉ ጣጣ በአንድ መስመር ይቀራል፦ «ሻጭ ቤቱን ከማናቸውም ሰውና ዕቃ ነጻ አድርጎ እስከ ሰኔ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ቁልፉን ለገዢ ያስረክባል።» «ከማናቸውም ሰው» የሚለው ለጌጥ አልገባም። ዋናው ቤት ባዶ ሆኖ ሰርቪሱ ውስጥ ተከራይ፣ ዘበኛ ወይም የሻጩ የእህት ልጅ ቀርቶ ይገኛል፤ ሻጩም «እኔ ወጥቻለሁ፣ ከእነሱ ጋር ተነጋገር» ይላል። አንዳንዴ ደግሞ አልወጣም የምትለው ውሉ ላይ ያልፈረመችው ሚስት ናት። የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱም ባልና ሚስት ስምምነት እንደማይሸጥ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 ስለሚደነግግ፣ ያኔ ክርክሩ ከመውጫ ቀን አልፎ ወደ ሽያጩ ራሱ ይዞራል።

ቀን መጻፍ ብቻውን ግን ሰው አያስወጣም፤ የሚያስወጣው የቀረ ገንዘብ ነው። ቤቱ 12 ሚሊዮን ብር ከተሸጠ 5 በመቶው፣ ማለትም 600 ሺህ ብር፣ በቁልፍ ርክክብ ቀን እንዲከፈል ውሉ ውስጥ ይግባ። ገዢው በሻጩ ስም ሲፒኦ አሠርቶ ይምጣ፤ ቁልፉና ሲፒኦው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይለዋወጡ። እዚህ ላይ ለሻጮች አንድ ማሳሰቢያ አለን። ውሉ «ሙሉ ክፍያ ተቀብያለሁ» እያለ በቃል ብቻ ገንዘብ ማስቀረት ያለ ማስረጃ ያስቀራል፤ ቀሪው ሂሳብ በውሉ ላይ በግልጽ ይስፈር።

የመዘግየት ቅጣቱም ስሌት ይፈልጋል። ቤቱ በወር 60 ሺህ ብር የሚከራይ ቢሆን የቀኑ 2 ሺህ ነው። ቅጣቱ ያው 2 ሺህ ከሆነ ሻጩ እንደ ኪራይ ቆጥሮት ይቀመጣል፤ 4 ወይም 5 ሺህ ሲሆን ግን የጭነት መኪና ይፈልጋል። አጻጻፉ «በርክክብ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን» መሆን አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1890 መሠረት ውሉን ማስፈጸምንና ገደቡን፣ ማለትም በውሉ የተወሰነውን ቅጣት፣ አንድ ላይ መጠየቅ የሚቻለው ገደቡ ለመዘግየት ወይም ለተጨማሪ ግዴታ ከተደረገ ብቻ ነውና፤ በደፈናው «ውሉን ያፈረሰ ይህን ያህል ይከፍላል» ማለት ቤቱንም ቅጣቱንም ለሚፈልግ ገዢ አይበጅም።

ልጆች ትምህርት እስኪጨርሱ ወይም የሚገቡበት ቤት እስኪዘጋጅ ሁለት ወር መለመን የተለመደ ነው፤ ገዢው ካልቸኮለ መፍቀዱ ክፋት የለውም። ስህተቱ «ሻጭ ለሁለት ወር ተከራይቶ ይቀመጣል» ብሎ መጻፍ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚል፣ ያቺ «ተከራይቶ» የምትል ቃል ያልታሰበ ክርክር ትከፍታለች። የርክክቡን ቀን በሁለት ወር ማራቅ ይበቃል። በዚያ መካከል እሳት ቢነሳ ወይም የውኃ መስመር ቢፈነዳ ኪሳራው የማን እንደሆነም አብሮ ይጻፍ።

በርክክቡ ዕለት ከሁሉ በላይ የሚያጣላው ሮቶ ነው። ሻጩ ታንከሩን ከነፓምፑ ነቅሎ ሲጭን ገዢው በር ላይ ይደርሳል። ሮቶ፣ ፓምፕ፣ የሻወር ማሞቂያ፣ የኪችን ካቢኔት፣ መብራቶችና የመጋረጃ ዘንግ ይቀሩ እንደሆነ በዝርዝር ጽፎ ከውሉ ጋር ማያያዝ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የመብራትና የውኃ ቆጣሪዎች ንባብ በስልክ ፎቶ ይነሳ፤ ካርድ የሚሞላ ቆጣሪ ከሆነ ካርዱ ከቁልፉ ጋር ይሰጥ፤ ያልተከፈለ ውዝፍ ካለ ከቀሪው ገንዘብ ላይ ይነሳ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የማኅበሩ ወርኃዊ መዋጮ መከፈሉም ይጠየቅ። ይህን የያዘ የርክክብ ሰነድ በሁለት ቅጂ፣ በሁለት ምስክር ይፈረም።

ሻጩ ቀኑ አልፎም ካልወጣ መብራት ማስቆረጥ፣ ቁልፍ መስበር ወይም ዕቃ ደጅ ማውጣት ገዢውን ራሱን ተከሳሽ ያደርገዋል። መንገዱ ማስጠንቀቂያ፣ ክስ፣ ከዚያም ፍርዱን ለማስፈጸም የሚከፈተው የአፈጻጸም መዝገብ ነው። አዲስ አበባ ላይ ክርክሩ ከ10 ሚሊዮን ብር ካልበለጠ ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ከበለጠ ለከፍተኛው ይቀርባል።

ውልና ማስረጃ የሚሠሩ ባለሙያዎች የቤት ሽያጭ ውል ሲያረጋግጡ የሚስትን ወይም የባልን ፊርማ እንደሚጠይቁት ሁሉ «የርክክቡ ቀን የት አለ?» ብለው ቢጠይቁ መልካም ነው።

የቤት ሽያጭ ውል የምናዘጋጅ የሕግ ባለሙያዎች
ከአዲስ አበባ