ሳይበራ ስለቀረው የፒያሳ መብራት

ለቀረጻ ፈቃድና ለመንገድ መብራት ጉዳይ ኃላፊ
ጎንደር

ክቡር ኃላፊ፣

የማመልከቻችን ታሪክ መዝገብ ቤታችሁ ስላለ አልደግመውም። የምጽፈው ፊልማችንን ልንቀርጽ ስለወጣንበት ዓርብ ማታ ነው።

በሰጣችሁን የፈቃድ ደብዳቤ ላይ ጄኔሬተር ማስነሳት ክልክል ነው ተብሏል፤ ነዋሪ ይረብሻል ተብሎ። እሺ፣ ተቀበልን። ከዚያው ሥር ደግሞ ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ፊት ያሉት የመንገድ መብራቶች ከቀረጻው በፊት ተጠግነው እንደሚበሩ ተጽፏል። ፊርማ አለው። ክብ ማኅተም አለው። ያን ወረቀት አምነን ነው ተዋናይ የጠራነው፣ የወታደር ልብስ የተከራየነው።

ማታ ስንደርስ ጨለማ ነው። የሚበራው አንድ ምሰሶ ብቻ ነው፤ እሱም መብራት ከተባለ። መጀመሪያ ደብዘዝ ብሎ ይቀላል። ቀስ እያለ ብርቱካናማ ይሆናል። “በሉ ቦታ ቦታችሁን ያዙ” ስንል ድርግም! ቆይቶ ደግሞ እንደገና መቅላት ይጀምራል። ያረጀ የሶዲየም አምፖል ጠባዩ ይኸው ነው። ሲያረጅ የሚፈልገው ቮልቴጅ ይጨምራል፤ ባላስቱ (ለአምፖሉ ኤሌክትሪኩን የሚመጥንለት ዕቃ) ማድረስ ሲያቅተው ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይነሣል። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ከምሰሶው ሥር ቡና የሚያፈሉት እናት እንኳ “እሱን አትጠብቁት ልጆቼ፣ ሲያሾፍብን ነው የሚያመሸው” አሉን።

ደብዳቤውን ለፈረሙት ባለሙያ ደወልኩ። ስልክ ማንሳታቸውን አመሰግናለሁ። ንግግራችን እንዲህ ነበር።

“ጌታዬ፣ መብራቱ አልበራም።”

“የቱ መብራት?”

“በደብዳቤው ላይ የጻፉልን፣ የፒያሳው።”

“እሱ እኛን አይመለከትም። የመብራት ሰዎቹን ጠይቁ።”

“ማኅተሙ ግን የእናንተ ነው።”

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ “ፊልማችሁ ስለ ጣሊያን ጊዜ አይደል እንዴ? ያኔ ምን መብራት ነበር? እንዲያውም ጨለማው ይስማማችኋል” ብለው ሳቁ። ስልኩ ተዘጋ። ድምፁ ክፍት ስለነበር ተዋናዮቹ ሁሉ ሰምተዋል።

እውነት ነው፣ ፊልማችን ስለ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን እዚሁ ጎንደር ላይ እጁን ስለሰጠበት ወር። ፒያሳን የመረጥነውም ሕንፃዎቹን ጣሊያን ራሱ ስለሠራቸው ነው። እንዲህ ያለ ቦታ በእኛ አቅም በእንጨትና በቀለም አይሠራም። ግን ጌታዬ፣ ፊልም ላይ ጨለማም የሚቀረጸው በብርሃን ነው። ብርሃን ከሌለ ካሜራው የሚያሳየው ያንን ዘመን አይደለም፤ ባዶ ጥቁር ነው። ይህን ለፈቃድ ሰጪ ማስረዳት አለብኝ ብዬ አስቤም አላውቅ።

ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ሌላውንም ልናገር። የምንቀርጸው መንገድ ላይ ሆኖ ሳለ “ግቢው ቅርብ ስለሆነ የፋሲል ግቢን ፈቃድ አምጡ” ተባልን። ይሁን፣ የዓለም ቅርስ ነው፣ ጥንቃቄ አይከፋም። ካመጣን በኋላ “ይሄ ለምን አስፈለገ?” ብሎ የጠየቀን ግን ያው የላከን ሰው ነው። የፊልሙን ታሪክ አጠቃሎ የያዘው ወረቀት ጠፋባችሁ፤ እንደገና አሳትመን ሰጠን፤ እሱም ጠፋ። ፈራሚው ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው። የዘበኛው ወንበር ሳይቀር ለመደን። ጥምቀት ሲደርስ ግን እንዴት እንደሚሆን እንጃ፣ አምፖሉም መሰላሉም ሠራተኛውም በአንዴ ይገኛል።

ስለዚህ የከፈልነው የፈቃድ ክፍያ ይመለስልን። ደግሞም ያለ አዲስ ክፍያና ያለ አዲስ ምልልስ ሌላ የቀረጻ ሌሊት ይፈቀድልን፤ መብራቱን ማብራት ካልቻላችሁ ድምፁ የታፈነ ጄኔሬተር እንድናስነሳ በጽሑፍ ፍቀዱ። ስልክ ላይ የተናገሩን ባለሙያም በቃል ሳይሆን በደብዳቤ ይቅርታ ይጠይቁን። ይህን ስጀምር ይቅርታ የሚለውን ልጽፍ አላሰብኩም ነበር፤ ሳቁ ትዝ ሲለኝ ጨመርኩት።

መብራቶቹንም ለእኛ ብላችሁ ሳይሆን ለመንገዱ ብላችሁ ቀይሯቸው። እዚያ የሚያመሹ ነጋዴዎች አሉ፣ ከማታ ትምህርት የሚመለሱ ልጆች አሉ። አምፖሉን ብቻ ቀይራችሁ ያረጀውን ባላስት አትተዉት። ኤልኢዲ ከገዛችሁ ደግሞ የረከሰውን አታምጡ። ኤሌክትሪካችን 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ርካሹ በእያንዳንዱ ምልልስ ሁለቴ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል፤ ያኔ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ልጽፍላችሁ ነው።

መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ይዤ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም እሄዳለሁ። የፈቃዱን ደብዳቤ ቅጂና የዚያን ማታ ቪዲዮ አያይዣለሁ። ቪዲዮው ጨለማ ነው፤ ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። መልሳችሁ በጽሑፍ ይሁንልኝ፤ በስልክ አልፈልግም።

ከአክብሮት ጋር
የፊልሙ አዘጋጅ