የሐዋሳ ሆቴሎች ዓመቱን ሙሉ ሥራ ለሚፈታ ሰርቨር ለምን ይከፍላሉ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በከተማችን በሐዋሳ የሆቴል፣ የጉዞና የጅምላ ንግድ ባለቤቶች የአልጋ ማስያዣ ወይም የሽያጭ ሲስተም ለማሠራት ሲነሡ፣ ገና ስለ ፕሮግራሙ ሳይነጋገሩ ምን ያህል ሰርቨር (ሲስተሙን ተሸክሞ የሚያሠራ ኮምፒውተር) መግዛት እንዳለባቸው ይጠይቃሉ። ለእነዚህ ነጋዴዎች ሶፍትዌር እየሠራሁ የምተዳደር እንደ መሆኔ፣ ለአብዛኞቹ ሰርቨር መግዛት ጨርሶ እንደማያስፈልግ፣ ሰርቨርለስ የሚባለው የክላውድ (የሌላ ኩባንያ ኮምፒውተሮችን በኢንተርኔት ተከራይቶ የመጠቀም) አሠራርም ለንግዳቸው ጠባይ እጅግ እንደሚስማማ በጋዜጣችሁ በኩል ለማስረዳት እወዳለሁ።

የሐዋሳ እንግዳ የሚመጣው በአንድ ጊዜ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን በገብርኤል ንግሥ፣ እንዲሁም በፍቼ ጫምባላላ ሰሞን፣ አልጋ ፈላጊው ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፤ በሌላው ጊዜ ግን ሌሊቱን ሙሉ አንድም ጠያቂ የማይገባበት የሆቴል ድረ ገጽ ብዙ ነው። ለንግሡ ቀን የሚበቃ ሰርቨር የገዛ ባለሆቴል የቀረውን ዓመት ሥራ የፈታ ማሽን ሲቀልብ ይከርማል፤ ለአዘቦቱ ቀን የሚበቃ የገዛው ደግሞ ገቢ በሚያገኝበት ዋዜማ ሲስተሙ ይቆምበታል። መብራት ሲጠፋ የሚደግፍ ዩፒኤስ የተባለ ባትሪና ጄኔሬተር፣ ክፍሉን የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ፣ ሶፍትዌሩን በየጊዜው የሚያድስ ባለሙያ ሲጨመርበት ወጪው ከሰርቨሩ ዋጋ በላይ ይሄዳል።

በሰርቨርለስ አሠራር ማሽኑን የሚያስተዳድረው፣ የሚያድሰውና እንደ ፍላጎቱ ቁጥሩን የሚጨምረው የክላውድ አቅራቢው ሲሆን፣ ነጋዴው የሚያስገባው ኮዱን፣ ማለትም ሥራውን የሚያከናውነውን ፕሮግራም፣ ብቻ ነው። ኮዱ አንድ ነገር እስኪቀሰቅሰው ድረስ አይሠራም። ለምሳሌ እንግዳው የአልጋውን ቀብድ በቴሌብር ሲከፍል ክፍያው መፈጸሙን የሚገልጽ መልእክት ለሲስተሙ ይደርሳል፤ በዚያች ቅጽበት ኮዱ ይነሣል፣ ክፍያውን ያረጋግጣል፣ አልጋውን ይይዛል፣ ደረሰኝ ይልክና ያበቃል። አምስት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ቢከፍል የኮዱ ቅጂዎች ጎን ለጎን ይነሣሉ፤ ማንም ካልከፈለ ምንም አይነሣም፣ ለዚህ ኮድም ምንም አይከፈልም።

የክፍያው ስሌት በቁጥር ቢታይ ይሻላል። አማዞን በ2014 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ላምዳ የተባለ የሰርቨርለስ አገልግሎት ሒሳቡን የሚቆጥረው በሚሊሰከንድ (በሰከንድ አንድ ሺሕኛ) ነው፤ በየወሩም 1 ሚሊዮን ጥሪ፣ ማለትም የኮዱ መቀስቀስ፣ እና 400 ሺሕ ጊጋባይት-ሰከንድ (ኮዱ የያዘው ሜሞሪ በሠራበት ሰከንድ ሲባዛ) በነፃ ይሰጣል። ግማሽ ጊጋባይት ሜሞሪ የሚይዝና በ200 ሚሊሰከንድ የሚያልቅ ኮድ በወር 1 ሚሊዮን ጊዜ ቢጠራ የሚፈጀው 100 ሺሕ ጊጋባይት-ሰከንድ ነው፤ ይኸውም ከነፃው ድርሻ ሩብ ብቻ ነው። ነፃው ባይኖር እንኳ በአሜሪካ ባሉት ማዕከላት ዋጋ ሒሳቡ 2 ዶላር አይሞላም። የመረጃ ቋቱና ወደ ውጭ የሚወጣው ዳታ ለብቻቸው እንደሚታሰቡ ግን ባለቤቱ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

ለሁሉም ሥራ ይሆናል ማለቴ አይደለም። የላምዳ ኮድ በአንድ ጥሪ ከ15 ደቂቃ በላይ መሥራት አይችልም፤ ብዙ ቆይቶ የተጠራ ኮድም ለመነሣት ጥቂት ይዘገያል፣ ይህ ግን አልጋ ለሚያስይዝ እንግዳ ችግር አይሆንም። ማሽኖቹን ቀን ከሌት የሚከታተል ፋብሪካ ጭነቱ ስለማይቋረጥ በቋሚ ሰርቨር ቢሠራ ይረክስለታል። በስሕተት ራሱን እየደጋገመ የሚጠራ ኮድም ሒሳብ ሊቆልል ስለሚችል፣ በአንድ ጊዜ ለሚነሡት ቅጂዎች ጣሪያ ማበጀትና የወጪ ማስጠንቀቂያ ማስቀመጥ ሥራውን የሚረከበው ባለሙያ የመጀመሪያ ግዴታ መሆን አለበት።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የአከፋፈሉና የመረጃው ጉዳይ ነው። እነዚህ አገልግሎቶች የሚከፈሉት በዶላር ስለሆነ፣ የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተለወጠ ወዲህ ያው የዶላር ሒሳብ በብር ሲመነዘር ከፍ ብሏል፤ ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ የሌለው አነስተኛ ነጋዴማ በሩ ጭራሹኑ ተዘግቶበታል። የእንግዳው ስም፣ ስልክና የመታወቂያ ቁጥር የግል መረጃ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ እንዲህ ያለው መረጃ ከአገር ሲወጣ መሟላት ያለባቸውን ሁኔታዎች ደንግጓል። በአፍሪካ ያሉት የአማዞንና የጉግል ማዕከላት ኬፕታውንና ጆሃንስበርግ መሆናቸው ይህንን ግዴታ አያነሣም።

ስለዚህ ጥያቄዬ በአገር ውስጥ የክላውድ አገልግሎት ለሚሰጡት ድርጅቶች፣ በተለይም ቴሌክላውድን ለሚያቀርበው ለኢትዮ ቴሌኮም ነው። ኮዱ በሠራበት ቅጽበት ልክ ብቻ የሚያስከፍል፣ በብርና በቴሌብር የሚከፈል የሰርቨርለስ አገልግሎት ለአነስተኛ ንግዶች ይቅረብልን። ለዚህ የሚሆነው ቴክኖሎጂ በባዕድ ኩባንያ እጅ ብቻ የተያዘ አይደለም፤ ጉግል በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ኬይኔቲቭ የተባለ የሰርቨርለስ ሶፍትዌር ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ በራስ ማዕከል ላይ ሊተከል ይችላል። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችም በመመረቂያ ሥራቸው ቢተክሉትና በከተማው ሆቴሎች ቢሞክሩት፣ ቀጣዩ የገብርኤል ንግሥ የሚፈትሹበት በቂ ጭነት ይሰጣቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ከሐዋሳ