ለሰይድ፦ ስለ ቤቱም ስለ እማ ዓይንም

አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ ሰይድ። እማ እንዴት ናት? እህታችን ሀያትስ? ጎረቤቱስ ሰላም ነው? እኔ አልሀምዱሊላህ በጣም ደህና ነኝ። ሁለት ወር ሙሉ የጠፋሁት ስልኬ ተበላሽቶ ነው፤ ሌላ ነገር የለም፣ አታስቡ።

የላክኸውን ድምፅ አምስቴ ሰማሁት። ደሴ ያለው ቤታችን ውስጥ ያስገባነው ተከራይ ሌሊት ዕቃውን ጭኖ፣ የሦስት ወር ኪራይና የመብራት ዕዳ ጥሎብህ ሄደ አይደል? «ያንቺ ላብ ነው የጠፋው» ያልካት ቃል ከገንዘቡ በላይ ከነከነችኝ። ወላሂ ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም። «ባዶ ከሚያድር ደላላው ያመጣውን አስገባው» ያልኩህ እኔ ነኝ። አንተ መታወቂያ አልጠየቅህ፣ እኔም አልጠየቅኩህ። በዚህ አንጨቃጨቅ።

ከእንግዲህ ግን ያለ ወረቀት ሰው አይገባም። የመታወቂያውን ኮፒ፣ የሥራ ቦታውን፣ በፊት የኖረበትን ቤት ባለቤት ስልክ ተቀበል። ተቀብለህ ኪስህ ውስጥ አትተወው፣ ደውል። ደላላ ስለ ተከራይ አመል ምን ገዶት፣ ኮሚሽኑን ይዞ ወደ ፒያሳ ነው። ክፍሉን ስታስረክብ ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ ሶኬቱን በስልክህ ፎቶ አንሳ፤ ቆጣሪው የሚያነበውን ቁጥር ውሉ ላይ ጻፍና ከምስክር ጋር ተፈራረሙ። ኪራዩ በባንክ ይግባ። ያኔ ከፍያለሁ አልከፈልክም የለም።

በ2016 የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ 1320 የሚባለውን፣ ማታ ማታ ስልኬ ላይ አነበብኩት። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። አከራይ ባሻው ጊዜ ባሻው ልክ መጨመርም አይችልም። ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው፤ የክልል ከተሞችን ክልሉ ይወስናል። ስለዚህ ደሴ ላይ እንዴት እንደሆነ ጓደኛህን ሳይሆን ማዘጋጃ ቤት ሄደህ ጠይቅ። ባይሠራብንም እንደሚሠራ ሆነህ ብትይዘው የሚጎዳህ ነገር የለም።

አሁን ወደ አስተማሪው ተከራያችን ልምጣ። ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። «ነጋዴው 1,000 ብር ይጨምራል፣ አስተማሪውን ላስወጣ» አልከኝ። ሚስቱ እኮ አራስ ናት ሰይዶ! ስንት ዓመት ሙሉ ወሩ በገባ በአምስተኛው ቀን የሚከፍል ሰው ነው። በ2014 ኅዳር ከተማው በጦርነቱ ተይዞ ሳለ ስንቱ ቤቱን ጥሎ ሲሸሽ፣ ተመልሶ የዚያን ወር ሳይቀር የከፈለ እሱ አይደለም? በሒሳብም ብትሄድ አያዋጣህም። ጭማሪው በዓመት 12,000 ነው። ቀለም ቀብተህ፣ ለደላላ ከፍለህ፣ ክፍሏ አንድ ወር ባዶ ውላ፣ ነጋዴው ደግሞ ስድስት ወር ቆይቶ ቢሄድስ? መጨመር ካለብህ ቁጭ በል፣ ቡና ላይ አውራው፣ ጊዜ ስጠው።

እውነቱን ልንገርህ መሰለኝ። እኔም ተከራይ ነኝ። ከማዳም ቤት ከወጣሁ ቆየሁ፤ ከሦስት የወሎ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ነን። ባለፈው ባለቤቱ በሳምንት ውስጥ ልቀቁ ብሎን ሻንጣችንን ይዘን በጅዳ ሙቀት ስንዞር ከረምን። ስልኬም አልተበላሸም። ምን ብዬ ልደውል? አሁን ቤት አግኝተናል፣ ሥራም አለኝ። ይቺን ለእማ አታንብባት። አደራ።

የመብራቱ ጭቅጭቅ የሚያልቀው ለየክፍሉ ቆጣሪ ሲገባ ነው። ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ከፍ ይላል፤ አምስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም በውዱ ታሪፍ ይከፍላል ማለት ነው። በዚያ ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። በሳምንት ሁለቴ የምትጋግረውና እንጀራ ገዝቶ የሚበላው ወንደላጤ እኩል ክፈሉ ሲባሉ እንዴት አይጣሉ? አዲስ ቆጣሪ እስኪገኝ መብራት ሠሪ ጠርተህ የየክፍሉን ፍጆታ የሚለይ መለያ ቆጣሪ አስገባ። ሽቦውንም ይይልህ፤ አሮጌው መስመር ለብዙ ምጣድ የተዘረጋ አይደለም።

ደግሞ አራት ክፍል በ3,500፣ ዓመቱ 168,000 ብለህ ለሀያት ሠርግ ደልድለሃል አሉ። አንተ ነህ የነገርካት፣ እሷ ነች የነገረችኝ። ክፍል ባዶ የሚውልበት ጊዜ አለና በአስር ወር አስላው፣ 140,000። ከዚያ ላይ ለጥገና በየወሩ ቆንጠር አድርገህ ለብቻ አስቀምጥ፤ የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ያ ቆርቆሮ ማንጠብጠቡ አይቀርም። ግብሩም አለ፤ በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ፣ ሐምሌ ላይ ገቢዎች ሄደህ ጠይቅ። ከዚያ የተረፈው ነው ያንተ።

ሀያትን ግን አታስከፋት። ኒካውን አታዘግዩባት በእኔ ምክንያት። ለሠርጉ የማዋጣው አለኝ፣ ከኪራዩ አትንኩ። እኔ ሳልኖር ሂና ማን ይቀባታል? ትንሽ እያለች ፀጉሯን የምሠራት እኔ ነበርኩ፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጭኔ ላይ ትተኛ ነበር። እዚህ ዝናብ እምብዛም የለም። ኤሲው ሲንጠባጠብ አንዳንዴ ተኝቼ እሱን አዳምጣለሁ፣ ሞኝ ነኝ።

ስለ እማ «ደህና ናት» ብቻ አትበለኝ። ሀያት ቡናውን ስኒ ውስጥ ሳይሆን ረከቦቱ ላይ እንደምትቀዳው ነግራኛለች። የዓይን ሞራ ከሆነ ይነሳል፤ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አለ፣ ከደሴ ሩቅ አይደለም። ሰኞ ውሰዳት። እንቢ ካለች «ዘሀራ ስትመጣ ፊቷን እንድታዪ ነው» በላት።

ገንዘቡ ሐሙስ ይገባል፣ 30,000 ብር። 10,000ው ለመለያ ቆጣሪውና ለቆርቆሮው ነው። 20,000ው የእማ ዓይን ነው፤ ለሊሾ እንዳታደርገው፣ እንደ ባለፈው።

እህትህ ዘሀራ